ደሴ ወይስ አዲስ አበባ? ለልጅ የኦቲዝምና የኤዲኤችዲ ምርመራ ሲመረጥ

ወሎ ውስጥ ያለ ወላጅ «ልጄን የት ላስመርምረው?» ሲል ቶሎ የሚሰማው መልስ «አዲስ አበባ ውሰደው» ነው። እኔ ግን ተሳፍራችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ምርጫዎቹን ጎን ለጎን እንያቸው እላለሁ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድምፅና ግርግር ለሚረብሸው ልጅ መንገዱ ራሱ ፈተና ነው። እንቅልፍ አጥቶ፣ ደክሞት የሚመረመር ልጅ ደግሞ ቤት የምታውቁት ልጅ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። ኦቲዝምንም (ከሰው ጋር መግባባትና ጠባይ በሌላ መንገድ የሚያድግበት) ሆነ ኤዲኤችዲን (ትኩረት ማድረግና ረጋ ብሎ መቀመጥ የሚያስቸግርበት) የሚለይ የደም ምርመራ ወይም የጭንቅላት ፎቶ የለም። የሚታወቀው ልጁን በማየት፣ ወላጅን በደንብ በመጠየቅና ከመምህሩ በመስማት ነው። «በኤምአርአይ ኦቲዝሙን እናየዋለን» ያላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። የሚጥል በሽታ ሲጠረጠር ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ፣ መታዘዙ ግን ተገቢ ነው።

ቅርብ ያለው ሆስፒታል

ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ትልቁ ጥቅሙ ቅርበቱ ነው። ዛሬ ልጁ አኩርፎ ምንም ባይናገር ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ። ጉድለቱ ጊዜ ነው፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ለአጭር ጊዜ ነው። በሕፃናት የአእምሮ ጤና የሠለጠነ ባለሙያም እንደ ልብ አይገኝም።

ይህን ጉድለት በዝግጅት መሙላት ይቻላል። ልጁ ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ሲናደድ በስልክ ቅረጹት። መምህሩ ያየውን በወረቀት ይጻፍላችሁ። ንግግር የዘገየበት ልጅ ከሆነ መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ይደረግለት። ይህ ሳይደረግ ኦቲዝም ነው ማለት ችኮላ ነው።

አዲስ አበባ

የካቲት 12 እና አማኑኤል ሆስፒታሎች አሉ፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ረዘም ያለ ጊዜና የተሻለ መሣሪያ የማግኘት ዕድላችሁ እዚህ ይሰፋል። ግን መሣሪያ ብቻውን አይበቃም።

ከታወቁት የኦቲዝም መመርመሪያዎች አንዱ አዶስ ይባላል። መርማሪው ከልጁ ጋር እየተጫወተ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይመለከተዋል። ለትንንሾች ከሚቀርቡት ጨዋታዎች አንዱ የአሻንጉሊት ልደት ነው፤ ኬክ፣ ሻማ፣ እፍ ማለት። ተንታ ወይም ወረኢሉ ገጠር ያደገ ልጅ ኬክ ላይ ሻማ ሲለኮስ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ዝም ብሎ ቢያይ «የማስመሰል ጨዋታ አይችልም» ሊባልበት ነው? ያው ልጅ ቤቱ ቆርኪውን እንደ ሲኒ ደርድሮ፣ ጣሳውን ጀበና አድርጎ፣ ጎረቤት ጠርቶ እስከ በረካ የሚያጠጣ ሊሆን ይችላል። ጥሩ መርማሪ «ቤት ምን ይጫወታል?» ብሎ ይጠይቃል። ዓይን ማየትም እንዲሁ ነው። እኛ ጋ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፋ ማድረጉ ጨዋነት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «በአማርኛ ነው የሚመረመረው? ያደገበት ባህል ይታያል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እንደ ጆይ ያሉ የኦቲዝም ማዕከላት ሌላ ነገር ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይን የመሠረቱት ልጆችን ለማስተማርና ለመደገፍ ነው። ሄዳችሁ ብታዩ ብዙ ትማራላችሁ፤ የሐኪምን ምርመራ ግን አይተካም።

በቪዲዮ የሚሰጠው ምርመራ ለወላጅ ቃለ መጠይቅ ይሆናል። ለሦስት ዓመት ሕፃን አልመክረውም።

ከቦታው በላይ አመለካከቱ

ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህን ነው። አንዱ መርማሪ «አይታዘዝም፣ አይቀመጥም፣ አይግባባም» ብሎ ጉድለት ቆጥሮ ይሸኛችኋል። ሌላው የልጁ አእምሮ በሌላ መንገድ እንደሚሠራ ተቀብሎ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስጨንቀው፣ ክፍል ውስጥ ምን ቢደረግለት እንደሚማር ይጽፋል። ሁለተኛውን ምረጡ። እንዲህ ያለው መርማሪ ችግርን አይሸፋፍንም፤ ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ መድኃኒት ካስፈለገም ይናገራል። «አድንላችኋለሁ» የሚለውን ግን ሽሹት። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ምርመራው ግን በእሱ ምክንያት አይዘግይ።

ለወጣቶች

ለወጣት የሚመረጠው ለብቻው የሚያነጋግረው ባለሙያ ነው። በተለይ ሴት ልጆች ጓደኞቻቸውን እያዩ እነሱን መስለው ስለሚውሉ ድካሙ ቤት ሲገቡ ነው የሚወጣው።

ለኤዲኤችዲ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩና ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትና ትምህርት ቤት፣ የሚታዩ መሆን አለባቸው። ይህ ለእኛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ የነበሩ ልጆች አሉ። የሚደነግጥ፣ እንቅልፍ የሌለው፣ ትምህርት ላይ ሐሳቡ የሚበተን ልጅ ኤዲኤችዲ ያለበት ይመስላል፤ ምክንያቱ ያየው ነገር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። «ከጦርነቱ በፊት እንዴት ነበር?» ብሎ ያልጠየቀ መርማሪ ሥራውን አልጨረሰም።

ዋጋ ስትጠይቁ በውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ውጤቱን ቁጭ ብሎ ማስረዳት፣ የጽሑፍ ሪፖርት፣ ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ደብዳቤ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነም መምህሩ የሚያነበው አንድ ገጽ በአማርኛ ይጻፍልን በሉ። አብሽሩ፣ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው።