ለእናቶች ቀን ምሳ፦ ሁሽሌቬሽ ወይስ ፓፕሪካሽ?

ሃንጋሪዎች የእናቶችን ቀን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ሜይ ወር የመጀመሪያ እሁድ ነው። እናት በዚያ ቀን ጓዳ ካልገባች ምን ይሠራላት? ሁለት አማራጭ ልንገራችሁ።

ሁሽሌቬሽ የእሁድ ምሳ መክፈቻ የሆነ የሥጋ ሾርባ ነው። ዶሮው ወይም የበሬ ሥጋው ከካሮት፣ ካልተከተፈ ሽንኩርትና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይጣዳል። ከዚያ 3 ወይም 4 ሰዓት መጠበቅ ነው። እሳቱ በጣም ዝቅ ይላል፤ ከተንተከተከ መረቁ ይደፈርሳል። ሲሳካ ወርቅ ይመስላል፣ የሳህኑን ታች ያሳያል። ለብቻው የተቀቀለ ቀጭን ፓስታ ይገባበታል። ብቻ ማልዶ የሚነሳ ልጅ ይፈልጋል።

የዶሮ ወጥ የሆነው ፓፕሪካሽ ግን በ1 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ሽንኩርቱ በአሳማ ስብ ወይም በዘይት ቀስ ብሎ ይበስላል። ቁሌት ለለመደ እጅ ይሄ አዲስ አይደለም። ቀዩ የፓፕሪካ ዱቄት የሚገባው ድስቱ ከእሳት ወረድ ሲል ነው፤ አለዚያ ያርና ይመራል። መልኩ በርበሬያችንን ቢመስልም የተለመደው ዓይነት አያቃጥልም። ዶሮው ሊደርስ ሲል በዱቄት የተመታ ኮምጣጣ ክሬም ይጨመራል፤ ቀዩ ወጥ ወደ ብርቱካንማ ይለወጣል። አጃቢው ኖኬድሊ ነው። ለስላሳ ሊጥ ቀዳዳ ባለው መፈግፈጊያ እየተገፋ የፈላ ውሃ ውስጥ ይንጠባጠባል። ተንሳፍፎ ሲወጣ በስሏል። ወጥ ቤቱ በሊጥ መበላሸቱ አይቀርም፤ እጥበቱም የልጆች ነው።

ለጀማሪ ፓፕሪካሹን እመርጣለሁ። ቢበላሽ እንኳ ክሬሙ ይሸፍነዋል፤ የደፈረሰ ሾርባ ግን መደበቂያ የለውም። አያትም ከመጡ ያው ሾርባው ይጣድ።