የማታው እንግሊዝኛ፦ መምህሩ ጎበዝ፣ መስኮቱ የተሰበረ

ደብረ ብርሃን ፔንሲዮን ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከመስከረም ጀምሬ ሦስት ወር የማታ እንግሊዝኛ ተማርኩ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በወር 1,200 ብር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም።

ከወቀሳው ልጀምር። የኅዳርን ውርጭ ጋቢ ተከናንበን ነው ያሳለፍነው። ማሞቂያው ይቅር፣ የተሰበረውን መስታወት በካርቶን መድፈን ምን ይከብዳል? የሚሰጡት ፎቶኮፒም ግማሹ አይነበብም።

መምህሩ ግን ሌላ ነው። አንድ ማታ «በረደኝ»ን በእንግሊዝኛ በሉ አለን። «ኮልድ ሚ» አልኩ፤ ክፍሉ ሳቀ። እሱ ሰሌዳው ላይ «በረደኝ» ብሎ ጻፈና «ኝ»ን ከበባት። «እዚህ ጋ አንቺ ተሳቢ ነሽ፤ እንግሊዝኛው ባለቤት ያደርግሻል፦ አይ አም ኮልድ።» ባለቤት ሆኜም ብርዱ አልለቀቀኝም እንጂ ገብቶኛል።

አጠገቤ ለሥራ የመጣ አንድ ጃፓናዊ ይቀመጣል። በእነሱ «ሳሙይ» ካሉ በቃ፤ የበረደው ማን እንደሆነ ከሁኔታው ይታወቃል። እኛ «እኔ» ባንልም «መጣሁ»፣ «መጣሽ» ስንል ግሱ ራሱ ይናገራል። የእነሱ «ኪማሺታ» ግን እኔም ልምጣ አንቺም ነይ ያው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ሲናገር «ዌንት ቱ አንኮበር» ብሎ ያቆማል፤ እኔ «ሁ?» እላለሁ። የእኔ ስህተት በሌላ በኩል ነው፦ «ማይ ፋዘር ዘይ አር ካሚንግ»። አባቴን እንዴት «ሂ» ልበላቸው? ፀሐይንም «ሺ» እያልኩ ስንት ጊዜ ታረምኩ።

«ዩ» ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ነን። እሱም አገሩ ለትልቅ ሰው «አናታ» («አንተ») ማለት ድፍረት ስለሆነ ስም ጠርቶ «ሳን» የሚል ማክበሪያ ይጨምራል። ሽበታም እንግዳ «ዩ» ስል አሁንም ፊቴ ይቀላል።

«ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ላይ «ኢት» ማነው ብዬ ጠየቅኩ። «ማንም አይደለም፤ የባለቤቱ ወንበር ባዶ እንዳይሆን የተቀመጠ ነው» አለኝ። ለዚህች መልስ ብቻ የአንድ ወር ክፍያዬን አልቆጭም።

የምትመዘገቡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ግቡና በግድግዳው በኩል ተቀመጡ። መስኮቱ እስከ ትናንት ማታ አልተጠገነም።