«የመንታ ጥቅል» በደጋ ቤት፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

ያለጊዜያቸው የተወለዱ መንትዮች ከጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕሙማን ክፍል የሚወጡበት ቀን ሲቃረብ ቤተሰብ ወደ ሕፃናት ዕቃ መደብር ይሮጣል። ብዙ ጊዜ የሚቀርብለትም በአንድ ቦርሳ የታሸገ «የመንታ ጥቅል» ነው፦ ሁለት ጡጦ፣ የእጅ ጡት ማለቢያ፣ ባለ መቆለፊያ ማዘያ፣ ግንባር ላይ የሚደገን የሙቀት መለኪያ፣ ኮፍያና ካልሲ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ኮፍያውና ካልሲው ይጠቅማሉ፣ ማለቢያው እንደ ሁኔታው፣ የቀረው ግን ለ2 ኪሎ ሕፃን የተሠራ አይደለም። ለደብረ ብርሃንና ለመንዝ ብርድ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ በጥቅሉ ውስጥ የለም፤ እሱም ሕፃኑን ከወላጅ ደረት ጋር ገላ ለገላ የሚያጣብቀው የካንጋሮ ማቀፊያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ያለጊዜው ወይም በአነስተኛ ክብደት የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ገላ ለገላ እንዲታቀፍ ይላል። ለመንታ ይህ ሰዓት ከባድ ነው። አንዲት እናት እያፈራረቀች ከያዘች የእያንዳንዱ ሕፃን ድርሻ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አባትም አያትም ደረታቸውን ማዋስ አለባቸው፤ ማቀፊያም ለየራሳቸው ይገዛ። «ለሁለት የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠው ሰፊ ማቀፊያ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ ነርስ አጠገብ ሆና ሊሠራ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ግን አንዱ ሕፃን ሲንሸራተት ሌላውን ይዞት ይወርዳል። ቁጥሩን 4 አድርጉት፣ ሁለት ለመልበሻ፣ ሁለት ለቅያሪ። በሐምሌና በነሐሴ የታጠበ ጨርቅ ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ቀን አይደርቅም።

ጨርቁ አብዛኛው ጥጥ ሆኖ ጥቂት የሚለጠጥ ክር ያለበት ይሁን። ፖሊስተር ላብ ይይዛል፣ የረጠበ ሕፃን ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሱቅ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ወጥራችሁ እስከ አሥር ቆጥራችሁ ልቀቁት፤ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ተዉት። ስፌቱ ወደ ውስጥ የወጣ ከሆነም ስሱ ቆዳ ላይ ሰንበር ያወጣል።

አለባበሱ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በሁለቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ፣ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ ትንሽ ቀና ይላል። የጨርቁ የላይኛው ጫፍ ከጆሮው ሥር ይድረስ፤ ጠበቅ ተደርጎ የሚታሰረው ክፍል ደረቱ ላይ እንጂ ሆዱ ላይ አይደለም፣ ሆድ ከታፈነ መተንፈስ ይከብደዋል። ትልቁ አደጋ ጨርቁ ሲላላ ነው፤ ሕፃኑ ወደ ታች ሸርተት ይልና አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ የአየር መንገዱ ይታጠፋል። የእናት ጡት ሙላቱ ሲቀንስ ልኩ እንደሚሰፋም አትርሱ። ባለ መቆለፊያው ማዘያ የማይሆነውም ለዚሁ ነው፤ ብዙዎቹ ከ3.2 ወይም ከ3.5 ኪሎ ጀምሮ ለሆነ ሕፃን የተሠሩ ናቸው። አንቀልባም ለጊዜው ይቆይ፣ ጀርባ ላይ ያለ ጨቅላ ፊቱ አይታይም። ነጠላ ብቻውን ስለማይለጠጥ እናት ስትነሳ ይላላል። ጋቢ ግን ከማቀፊያው በላይ ሲደረብ የሚወዳደረው የለም። ሸዋ ሮቢት ለሚወርዱ ጋቢው ይቅር፤ እዚያ የሚፈራው ከመጠን በላይ መሞቅ ነው።

የሙቀት መለኪያውን ብብት ሥር በሚቀመጥ ዲጂታል ቀይሩት። ግንባር ላይ የሚደገነው በብርዳማ ክፍል ያሳስታል። መደበኛው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ከ36.5 ከወረደ ወዲያው ማቀፍ፣ ኮፍያውን ማየት፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ መለካት። ካልጨመረ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ እንዳቀፋችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ሕፃኑ መጥባት ካቆመ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ መለኪያ አትጠብቁ።

ጡጦዎቹን እንደማንመክር ግልጽ ይሁን። ከጎማው ጉጥ ውስጥ ቆሻሻ አጥቦ ማውጣት ይከብዳል፣ ጡት መያዝ ገና የሚማረውንም ሕፃን ያደናግራል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ሲኒና 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በቂ ነው። 1.8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በቀን በኪሎ 160 ሚሊ ሊትር ከታዘዘለት 288 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ3 ሰዓት ልዩነት 8 ጊዜ ሲካፈል 36 ነው። ልኩን ከሐኪም ተቀብላችሁ ጻፉት። ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ሲኒውን የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉ፤ እሱ ይልሳል እንጂ አይፈስበትም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ ወደ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ሲኒውን ከፈላ በኋላ 10 ደቂቃ ውሃው ውስጥ ተዉት።

ማለቢያው ሲደክም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከትንሿ የጎማ ቫልቭ ነው፤ ከተቀደደች መሳቡን ያቆማል። መለዋወጫ የሌለውን አትግዙ፣ በእጅ ማለብም እንድታሳያችሁ ነርሷን ጠይቁ። የታለበ ወተት ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል። «አንጀቱን ያለዝባል» ተብሎ ቅቤ ማዋጥም ሆነ የአብሽ ውሃ ማቅመስ ለእነዚህ ሕፃናት አደጋ መሆኑን እናቶችና አክስቶች ሕፃናቱ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ይስሙ።

ኮፍያዎቹን በሁለት የተለያየ ቀለም ምረጡ። ደም እንዳያንሳቸው የሚታዘዝላቸው የብረት ጠብታ ለአንዱ ሁለቴ ተሰጥቶ ሌላው ሲቀር የሚከሰተው ሌሊት ላይ ነው፤ ደብተር ላይ በቀለሙ ምልክት አድርጉ። መጠኑን በሚሊ ግራም ብቻ ሳይሆን በሚሊ ሊትር አስጽፉ፣ የጠብታው ጥንካሬ ከምርት ምርት ይለያያል።

ሻጩ የክፍል ማሞቂያ ካቀረበላችሁ ክፍሉን ያሙቅ እንጂ ሕፃኑ ላይ አይዙር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ደረታችሁ ይተካዋል። ከሰል ግን በር ተዘግቶ በአራስ ቤት አይያዝ፤ የማይሸት ጋዙ የተኛን ሰው ሁሉ ይገድላል። የገላ ማሞቂያ የፈላ ውሃ ጠርሙስም ቆዳ ያቃጥላል።

ዕቃውን ከመውጫው ቢያንስ 2 ቀን ቀድማችሁ ግዙና ክፍሉ ውስጥ፣ በነርሶች ፊት፣ አንድ ሌሊት ተለማመዱበት፤ ልኩ ካልገጠመ ሳይታጠብ ለመቀየር ጊዜ ይኖራችኋል።