ወርቅ ቤት የተመዘነው ክር

የአክስቴ ልጅ ለገና ከአሜሪካ ስትመጣ "ምን ላምጣልህ?" አለችኝ። ሰው ስልክ ያዛል፣ ጫማ ያዛል። እኔ የፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የማጥመጃ፣ ዘንግ አዘዝኩ። ማስረዳቱ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀ። በ80 ዶላር ሙሉ ዕቃውን በአንድ ቦርሳ ይዛልኝ መጣች፦ ዘንግ፣ መጠቅለያ፣ ክርና ጥቂት ዝንቦች። ቦርሳው ላይ "ለጀማሪ የተሟላ" ይላል።

ስለ ዘንጉ ብዙ አልልም። ጥሩ ነው። 9 ጫማ ይረዝማል፣ 2 ሜትር ከ74 መሆኑ ነው። አራት ቦታ ስለሚፈታ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው እሄዳለሁ። እጀታው አጠገብ 5 ቁጥር ተጽፎበታል፤ የሚፈልገው ክር የክብደት ደረጃ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚስማማ ቁጥር የለም። መጠቅለያው ርካሽ ነው፣ ይንጫጫል፤ ሥራው ክር መያዝ ብቻ ስለሆነ ምሬዋለሁ።

ጉዱ ክሩ ላይ ነው።

እኛ በለመድነው አጠማመድ ክሩ ቀጭን ነው። ጫፉ ላይ እርሳስ ታስራለህ፣ እርሳሱ ክሩን ይዞት ይሄዳል። እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ዝንቧ ማለት በላባ የተጠቀለለች መንጠቆ ናት፣ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ወፍራም፣ በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ክብደቱ ተለክቶ የተሠራ ክር ነው። 5 ቁጥር ዘንግ 5 ቁጥር ክር ይፈልጋል።

የእኔ ግን አልሄድም አለ። ዓለም ገና ሰፈራችን ኳስ ሜዳ ላይ እወረውራለሁ፣ እንደ ተቀቀለ ፓስታ እግሬ ሥር ይከመራል። ልጆች ከብበውኝ "ጋሼ፣ ዓሣው የታለ?" ይላሉ።

ግማሹ ጥፋት የእኔ ነበር። ለቡሄ ጅራፍ እያጮህን ያደግን ሰዎች እጃችን ይቸኩላል። ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደፊት ከሳብከው ጧ ይላል። ጅራፍ ቢሆን ያስጨበጭባል። እዚህ ግን ዝንቧ ተበጥሳ ሄደች ማለት ነው። ሦስቱ እንዲህ ሣር ውስጥ ቀሩ፣ ያውም ልጆች በባዶ እግር በሚጫወቱበት ሜዳ። ለቅሜ እስካገኛቸው ነፍሴ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ የምለማመደው ጫፉ ላይ ቀይ የሱፍ ክር አስሬ ነው። መነጽር ደግሞ አትርሱ፤ ዓይን መለዋወጫ የለውም። ቪዲዮዎቹ ዘንጉ በሰዓት ፊት 10 እና 2 ቁጥር መካከል ብቻ ይመላለስ ይላሉ። ይህን ለጎረቤቴ ብነግረው "ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት? ሥራ የለህም እንዴ?" አለኝ።

እጄ ከተስተካከለ በኋላም ክሩ ያው ነው። ጠረጠርኩ። በደረጃው መሠረት የ5 ቁጥር ክር የፊተኛው 30 ጫማ፣ ማለትም 9 ሜትር ከ14 ሳንቲም፣ 9 ግራም ያህል መመዘን አለበት። ለክቼ ምልክት አደረግኩበትና ወርቅ ቤት ይዤው ሄድኩ። ባለ ሱቁ ክሩንም እኔንም ደጋግሞ አየ፣ ግን መዘነልኝ። 6 ግራም ተኩል! ይህ የ3 ቁጥር ክብደት ነው። ለካ ክሩ አልሄድ ያለው ዘንጌን የሚያጎብጥ ክብደት ስለሌለው ነው።

ለፋሲካ ሰው ሲመጣ ሌላ ክር ተላከልኝ፣ 45 ዶላር። ሳጥኑ ላይ "ደብሊው ኤፍ 5 ኤፍ" ይላል። ደብሊው ኤፍ ክብደቱ ወደ ፊተኛው ጫፍ ያመዘነ ነው፣ የመጨረሻዋ ኤፍ ደግሞ ተንሳፋፊ ማለት ናት። በዚያው ዘንግ፣ በዚያው ሜዳ፣ በመጀመሪያው ቀን 12 ሜትር ወረወርኩ። ልጆቹ እንኳን ዝም አሉ።

ክሩና ዝንቧ መካከል ሊደር የሚባል ግልጽ ናይለን ይገባል። ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ 9 ጫማ ያህል። ዝንብ በቀየርክ ቁጥር ያጥራል። ሲያጥርብኝ 0.20 ሚሊ ተራ ናይለን እቀጥልበታለሁ፤ ለእኔ ደረጃ ይበቃል።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይበረታ፣ በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጡሬ ወርጄ አዋሽ ላይ ሞከርኩት። መዳፌን የማታክል ባርበስ የምትባል ዓሣ ያዝኩ። የመንጠቆውን እሾህ ቀድሜ ጋራዥ በምሠራበት ፒንሳ ጨፍልቄው ስለነበር በቀላሉ ወጣላት፣ መለስኳት። አሁን ክረምት ነው፣ አዋሽ ማኪያቶ መስሏል። ዓይኔ ባሌ ላይ ነው። ዲንሾ አካባቢ ዌብ ወንዝ ውስጥ ድሮ ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ።

እና ልግዛው ወይ ለሚለኝ፦ ዘንጉን ለብቻው የሚሸጥልህ ካገኘህ ግዛ። ክሩን ቁጥሩ ከተጻፈበት ሳጥን ውሰድ። የእኔ የመጀመሪያው ክር ግቢያችን ውስጥ ተወጥሯል፤ ባለቤቴ ልብስ ታሰጣበታለች።