ትልቅ ቤተ መጻሕፍት በደሴ ወይስ ትናንሽ ንባብ ቤቶች በየወረዳው?

ወጪ፦ ትልቁ ሕንፃ ብዙ ገንዘብ በአንዴ ይፈልጋል። ትናንሾቹ ባዶ በሆነ የቀበሌ ክፍል ሊጀመሩ ይችላሉ፤ የሠራተኛ ደመወዙ ግን በየቦታው ነው።

ርቀት፦ እዚህ ላይ ልቤ ወደ ትናንሾቹ ያደላል። የኮምቦልቻ ተማሪ ደሴ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢጓዝ ነው። በደቡብ ወሎ ራቅ ያሉት የደላንታ ወይም የከላላ ወረዳ ልጅስ? ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ አይመጣም፤ የትራንስፖርቱን ብር ከየት ያመጣል?

አገልግሎት፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ይሰጣል። ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና ጀነሬተር አንድ ቦታ ማሟላት ይቀላል።

ስጋት፦ በጀት ሲያጥር ቀድመው የሚዘጉት ትናንሾቹ ናቸው።

ተፈታኝና ተመራማሪ ለሚበዛበት ከተማ ትልቁ ይሻላል። ፊደል ቆጥረው ማንበብ ለሚጀምሩ የገጠር ልጆች ግን ትናንሾቹ፤ በተለይ ደሴ ያለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እያዞረ የሚያውሳቸው ከሆነ።