ቴፕ ድራይቭ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የትኛው ድራይቭ፣ የትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው ስም?

ብዙ ሰው ቴፕ ድራይቭ (መረጃን ቴፕ ላይ የሚጽፍና የሚያነብ መሣሪያ) ሲገዛ የሚያየው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ቴራባይት ይይዛል፣ ዋጋውስ ስንት ነው። እኔ ሦስተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ። ሰርቨሩ ላይ ሲሰካ በምን ስም ይታያል? ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚወስደው ሶፍትዌርስ ያንን ስም እንዴት ያገኘዋል?

ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ አንድ መጥፎ ቀን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የጠፋ ፎልደር ከቴፕ ላይ እንድመልስ ጠራኝ። ማታ ማታ አምስት ባክአፕ በስክሪፕት ተራ በተራ ወደ አንድ ካርትሪጅ (ቴፑ ያለበት ካሴት) ይጻፋል። ሎጉ ሁሌም «ተሳክቷል» ይላል። ካርትሪጁን ስናነበው ግን ላዩ ላይ ያለው አምስተኛው ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ የገባው ስም ኤስቲ0 ነበር። የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ለአንድ ድራይቭ ሁለት ስም ይሰጣል። በኤስቲ0 ከጻፋችሁ፣ ሥራው ባለቀ ቁጥር ቴፑ ወደ መጀመሪያው ይጠቀለላል። በኤንኤስቲ0 ከጻፋችሁ ባለበት ይቆማል። ያ ስክሪፕት እያንዳንዱን ባክአፕ በፊተኛው ላይ ሲደርብበት ከርሟል። ፎልደሩ አልተመለሰም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ማማረጥ የለም። ለባክአፕ የማይጠቀልለውን ያዙ። ሶላሪስ የሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ ከሆናችሁ ስሙ ጫፍ ላይ «ኤን» መኖሯን እዩ። ኤአይኤክስ በሚባለው ላይ ደግሞ ከአርኤምቲ0 ቀጥሎ ነጥብ 1 ያለበትን ውሰዱ።

የሚከብደው ቁጥሩ ነው። አንድ ድራይቭ ብቻ ካላችሁ ኤንኤስቲ0 ሁሌም ያው ነው። ሁለት ሲሆኑ ግን ቁጥሩን የሚያገኙት ሰርቨሩ ሲነሳ በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ትናንት 0 የነበረው ዛሬ 1 ሊሆን ይችላል። ላይብረሪው (ካርትሪጆችን በክንድ እያነሳ ድራይቭ ውስጥ የሚከተው ማሽን) ካርትሪጁን አንደኛው ድራይቭ ውስጥ ያስገባል፣ ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚያ ባክአፑ ቆሞ ያድራል።

መድኃኒቱ ሊኑክስ ውስጥ አለ። በዴቭ ማውጫ ሥር «ቴፕ» የሚባል ፎልደር ታገኛላችሁ። በውስጡ «ባይ-አይዲ» እና «ባይ-ፓዝ» አሉ። ባይ-አይዲ የድራይቩን መለያ ቁጥር ይከተላል፤ ድራይቩን ወደ ሌላ ፖርት ብታዛውሩትም ስሙ አይቀየርም። ድራይቩ ተበላሽቶ በአዲስ ሲተካ ግን ይቀየራል፣ ቅንብሩንም መንካት የግድ ነው። ባይ-ፓዝ የተገላቢጦሽ ነው፤ የተሰካበትን ቦታ ይከተላል። እኔ ባይ-አይዲን እመርጣለሁ። ድራይቭ የሚተካው ከስንት አንዴ ነው፣ ሰርቨር ግን ቶሎ ቶሎ ይነሳል። ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤንኤስቲ» የሚል መኖሩን ግን አትርሱ።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ፣ ባኩላ የማኅበረሰብ እትሙ ነፃ ነው። ግን ሁሉንም በእጃችሁ ትጽፋላችሁ፦ የድራይቩን ስም፣ የላይብረሪውን ክንድ ስም፣ ድራይቩ በላይብረሪው ውስጥ ስንተኛ እንደሆነም። የመጨረሻውን በግምት አትሙሉት። ኤምቲኤክስ በሚባለው ትእዛዝ አንድ ካርትሪጅ ድራይቭ 0 ውስጥ ክተቱ። ከዚያ በሁለቱም ኤንኤስቲ ላይ ኤምቲ ስታተስ የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። «ኦንላይን» ያለው እሱ ነው። ሌላኛው በሩ ክፍት እንደሆነ ይነግራችኋል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በኋላ ብዙ ሌሊት ታተርፋላችሁ። ባኩላ ራሱ ቢቴፕ የሚባል መፈተሻም አለው፤ እሱን ሳታልፉ ሥራ አትጀምሩ።

ኔትባክአፕ ይህን ድካም ይቀንሳል። ድራይቮቹን ራሱ ይፈልጋል፣ መለያ ቁጥራቸውን ላይብረሪው ከሚነግረው ጋር ያመሳክራል፣ ማን የት እንዳለ ራሱ ይሞላል። የተቀየረ መንገድን የሚያስተካክልበት ቅንብርም አለው። አንድ ድራይቭ በሁለት የፋይበር ቻናል (ሰርቨርን ከማከማቻ መሣሪያ የሚያገናኝ ፈጣን ኔትወርክ) መንገድ ሁለት ጊዜ ቢታይ አንድ መሆኑን ያውቃል። በምትኩ ለፈቃዱ ትከፍላላችሁ። ድራይቮቹን ብዙ ሰርቨር የሚጋራቸው ከሆነ ክፍያው ተገቢ ነው። አንድ ሰርቨርና አንድ ድራይቭ ላለው ቢሮ ግን አልመክረውም።

የአይቢኤም ስቶሬጅ ፕሮቴክት የሚባለውን ባክአፕ ሶፍትዌር ከአይቢኤም ድራይቭ ጋር የምትገዙ ከሆነ፣ ሊኑክስ ውስጥ ያለው ኤስቲ የሚባል ድራይቨር (ሰርቨሩን ከድራይቩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) አይበቃችሁም። ሊን-ቴፕ የሚባል የራሱ ድራይቨር ያስፈልጋል፣ ስሙም አይቢኤምቴፕ0 ይሆናል። ይህ ድራይቨር ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር አብሮ አይመጣም፤ ከርነል ባዘመናችሁ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት። አንድ ሰው ይህን በኃላፊነት ካልያዘ፣ ከዝመና ማግስት ድራይቩ የጠፋ ይመስላል።

ስለ ገመዱ አጭር ነው። አንድ ሰርቨር ካላችሁ ድራይቩን በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘውን ሳስ ውሰዱ፤ ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው። ገመዱ ሰርቨሩ ውስጥ የሚሰካበት ካርድ ግን ተራ ኤችቢኤ ይሁን። ብዙ ዲስኮችን የሚያጣምረው የሬይድ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ቴፕ አይደግፍም። ፋይበር ቻናል ያለበት ኔትወርክ ቀድሞ ካላችሁ ወይም ድራይቩ ከሰርቨሩ ርቆ የሚቀመጥ ከሆነ ፋይበር ቻናል ይሻላል።

የቀረው ኤልቲኦ የሚባለው የቴፕ ዓይነት ትውልዱ ነው። ኤልቲኦ-8 በካርትሪጅ 12 ቴራባይት ይይዛል፣ ኤልቲኦ-9 ደግሞ 18፤ ሁለቱም ሳይታመቅ ነው። በግማሽ ቁመት ድራይቭ ፍጥነታቸው እኩል ነው፣ በሰከንድ እስከ 300 ሜጋባይት። እኔ መጀመሪያ መደርደሪያውን አያለሁ። ኤልቲኦ-8 የኤልቲኦ-7 ካርትሪጅ ያነባል። ኤልቲኦ-9 ከ8 በታች አያነብም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤልቲኦ-10 ደግሞ ሲወጣ 30 ቴራባይት የሚይዝ ቢሆንም ከቀደሙት አንዱንም አያነብም። የ7 ካርትሪጅ ተቆልሎባችሁ 9 ከገዛችሁ፣ አሮጌውን ድራይቭ አብራችሁ ማቆየት ይኖርባችኋል።

ከባዶ ለሚጀምር ግን 9ን እመርጣለሁ፣ አንድ ነገር አውቃችሁ ከገባችሁበት። አዲስ የኤልቲኦ-9 ካርትሪጅ መጀመሪያ ሲገባ ድራይቩ ቴፑን ይለካዋል። ይህ እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሶፍትዌሩ የሚጠብቅበት ጊዜ አጭር ከሆነ ደህናውን ካርትሪጅ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ አዲሶቹን ካርትሪጆች ቀን ላይ አንድ በአንድ አስገቡና ይለኩ፣ ባክአፑን ማታ ጀምሩት።

ሻጩን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የድራይቩን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ጠይቁት። ከዚያ የመረጣችሁት ሶፍትዌር ባወጣው የተኳኋኝነት ዝርዝር ውስጥ ራሳችሁ ፈልጉት። እዚያ ከሌለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙት።