ለጀልባ ሞተር ማርሽ ቤት የትኛውን ኩሽኔታ እንግዛ?

ጣና ላይ ማርሽ ቤት፣ ማለትም ማርሾቹ ዘይት ውስጥ የሚሠሩበትን የሞተሩን የታች ክፍል፣ ከሚያበላሹ ነገሮች አንዱ የመረብ ክር ነው። የተበጠሰ የናይለን ክር ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠምና ከኋላው ይገባል። ቀስ እያለ የፓራዮሊዮውን፣ ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ ዘንጉ ላይ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ ከንፈር ይቆርጠዋል። ከዚያ ውሃ ይገባል። የማርሽ ቤቱን ዘይት ስትቀዱ ማኪያቶ መስሎ ከወረደ ነገሩ እዚያ ደርሷል ማለት ነው። ሞተሩ ለጊዜው ይሠራል፤ ቆሞ ባደረ ቁጥር ግን ዘንጎቹንና ማርሾቹን ይዘው የሚያሽከረክሩት ኩሽኔታዎች (ቤሪንጎች) ይዝጋሉ። የጣና ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ ብረት አይበላም የሚል ሰው አትስሙ።

ማርሽ ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ባለ ጀልባው ሦስት ምርጫ ይቀርብለታል። የሞተሩ ፋብሪካ ማርክ ያለበት ኦሪጅናል፣ ከኩሽኔታ ሱቅ በቁጥሩ የሚገዛ፣ ወይም ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ። ብዙ ሰው አንዱን መርጦ ሁሉንም ኩሽኔታ ከዚያው ይገዛል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚገዛው እንደየቦታው ነው።

በባለ ብዩ (ቦል ቤሪንግ) ኩሽኔታ እንጀምር። በብዙ ሞተሮች የኋላ ማርሹን የሚይዘው እሱ ነው። እዚህ ላይ ለኦሪጅናል ካርቶን ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም። የሞተር ፋብሪካዎች ኩሽኔታውን ከኩሽኔታ ፋብሪካ ነው የሚገዙት። የድሮውን አውጥታችሁ ቀለበቱን በጨርቅ ጥረጉት፤ ኤንኤስኬ፣ ኮዮ ወይም ኤንቲኤን የሚል ታገኙ ይሆናል። ከጎኑ ቁጥሩ አለ። ለምሳሌ 6206 ከሆነ የውስጡ ቀዳዳ 30፣ የውጭው 62፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ነው። ከቁጥሩ ቀጥለው ያሉትን ፊደላትም ጻፉ። ሲ3 የሚል ካለበት ሲ3 ግዙ፤ ውስጣዊ ክፍተቱ ከተለመደው ሰፋ ያለ ነው። ሻጩ ጎኑ በጎማ የተሸፈነ ቢያቀርብላችሁ ደግሞ ተቀባይ አትሁኑ። ማርሽ ቤት ውስጥ የሚያለሰልሰው ዘይቱ ስለሆነ ኩሽኔታው ክፍት መሆን አለበት።

ዋናው ጭነት ያለው የፊት ማርሹ ላይ ነው። በብዙ ሞተሮች እዚህ የሚገባው ሾጣጣው፣ ቴፐር የሚባለው ነው። ሰው ጭናችሁ ወደ ደቅ ደሴት ስትጓዙ ጀልባዋን የሚገፋው ኃይል በሙሉ በዚህ በኩል ያልፋል። እሱንም ከታወቀ ፋብሪካ በቁጥሩ መግዛት ይቻላል፤ ግን ውስጡና የውጭ ቀለበቱ አብረው ይቀየራሉ። «ቀለበቱ ደህና ነው፣ ይቆይ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እምቢ በሉ። ከሥሩ ያሉትን ስስ ስፔሶሮችም አትጣሉ። የማርሾቹ ጥርስ አገጣጠም በእነሱ ነው የሚስተካከለው። አዲሱ ከገባ በኋላ መካኒኩ የጥርሶቹን ክፍተት መለካት አለበት። መለኪያ ከሌለው ሥራውን ለሌላ ስጡ።

ባለ መርፌው ላይ ግን ኦሪጅናሉን ግዙ። ቀጫጭን ሮለሮች ያሉት ነው፤ ከታች የፒኞኑን (የትንሹን ማርሽ) ዘንግ፣ ከኋላ የፕሮፔለሩን ዘንግ ይይዛል። ከሱቅ የሚገኘው በስፋት ልክ ሆኖ በርዝመት ወይም በሮለር ብዛት ሊለይ ይችላል። ሮለሮቹ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ነው የሚሽከረከሩት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ አዲሱ ኩሽኔታም አይቆይም።

ስም የለሹን የትም ቦታ አልመክርም። የታወቀ ስም የተጻፈበት ሁሉም እውነተኛ አይደለም። ጽሑፉ ደብዛዛ ከሆነና ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። ኤስኬኤፍ ለዚሁ ኦተንቲኬት የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ሲፈልጉ የማርሽ ቤት ወይም ዘንግ ሊገኝ ይችላል፤ ያገለገለ ኩሽኔታ ግን ይቅርባችሁ።

አገጣጠሙም ከግዢው አይተናነስም። አንድ ጊዜ አንድ ጋራዥ ምርጥ የጃፓን ኩሽኔታዬን ማርሽ ቤቱ ውስጥ በመዶሻ ከተተው። የመታው የውስጥ ቀለበቱን ነበር። ምቱ በብዮቹ በኩል አለፈና መንገዳቸው ላይ ጠባሳ ጣለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መጮህ ጀመረ። ወደ ቤት የሚገባ ከሆነ የውጭ ቀለበቱ፣ ወደ ዘንግ የሚገባ ከሆነ የውስጡ ነው የሚገፋው። ፕሬስ (መግፊያ መሣሪያ) ካለ በጣም ጥሩ። ከሌለ ኩሽኔታውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፣ የአሉሚኒየም ቤቱን እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቁት። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ያለ ብዙ ግፊት ይገባል። ባለ መርፌው ላይ ግፊቱ የሚያርፈው ጽሑፍ ባለበት ጎን ነው።

ገንዘብ ካጠራችሁ ከባለ ብዩና ከቴፐሩ ካርቶን ላይ ቆጥቡ። ፓራዮሊዮዎቹን ግን ሁሉንም አዲስ አድርጉ፤ ችግሩ የጀመረው እዚያ ነው። ከተገጠመ በኋላ ለ10 ሰዓት ያህል ተጓዙና ዘይቱን ቅዱት። ጥርት ብሎ ከወረደ አዲስ ሙሉበትና ቀጣዩን 100 ሰዓት ላይ ቀይሩ። በመሃል ፕሮፔለሩን በየጊዜው እየፈታችሁ ክር መኖሩን እዩ።